ከኩርሙክ የመጣው መጽሔት

ኢቲዳል ሁለት መጽሔቶች ነበሯት። በአሶሳ ልብስ ሰፊዎች መካከል የሙሽራ ልብስ ፎቶግራፍ ያለበት መጽሔት የሚገኘው እሷ ዘንድ ብቻ ስለነበረ፣ ከባምባሲም ከካማሺም የሚያገባ ሁሉ ወደ እሷ ይመጣ ነበር። አንደኛው በአዲስ አበባ በኩል የመጣ ነው። ሽፋኑ ወልቋል፤ የተጻፈበትን ቋንቋ በከተማው የሚያነብ የለም። አንድ መምህር ጣሊያንኛ ነው ብሎ ስለነበረ ጣሊያንኛ ሆኖ ቀረ። ሁለተኛው ከሱዳን በድንበሯ ከተማ በኩርሙክ በኩል የገባ የዐረብኛ መጽሔት ነው፤ ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ የሚቀመጥ።

ሙሽራ መጀመሪያ መጽሔት ትመርጣለች፤ ልብሱ ከዚያ በኋላ ነው። ጨርቁ የሚመጣው መጽሔቱ በመጣበት መንገድ ነበርና። የአዲስ አበባውን የመረጠች እንደሆነ ጨርቋ በነቀምቴ በኩል በአውቶቡስ ይመጣል። የሱዳኑን የመረጠች እንደሆነ ጀዕፈር የሚባል ነጋዴ ከኩርሙክ ያመጣላታል። ዓይነ ርግቡም፣ የሚዜዎቹ ቀሚስም ያንኑ መንገድ ይከተላል። ስለዚህ በከተማው ሴቶች ዘንድ አንዲት ልጅ ልታገባ መሆኗ ሲሰማ “ምን ልትለብስ ነው?” አይባልም። “የቱን ገለጠች?” ነው የሚባለው።

ገላኔ የመጣችው የአዲስ አበባውን ልትገልጥ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ለጓደኛዋ ሚዜ ሆና ስትለካ ያየችው ቀሚስ ነበር፤ አንገቱ የተዘጋ፣ እጅጌው እስከ አንጓ የሚደርስ። በባምባሲ እናቷ ወርቂቱ የምትዘምርበት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለብሳው ስትገባ ራሷን ብዙ ጊዜ አይታዋለች። ያልጠበቀችው እጮኛዋ ዋቅሹማ አብሯት መምጣቱን ነው። አራት ዓመት ሲተጫጩ ቀለበት እንኳ ለብቻዋ ነው ያስለካችው።

“ወንድ እዚህ አይገባም!” አለች ኢቲዳል ከስፌት መኪናዋ ኋላ። የበርታ ተወላጅ ነች፤ አማርኛዋን የተማረችው ትልቅ ሆና ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም “አንተ” ነበር የምትለው። “ሙሽራ ልብስ ካየ ዕድል ይሄዳል። አንተ ውጪ ቁም። ወላሂ፣ ቁም!”

“እኔን ነው እሱን?” አለች ገላኔ እየሳቀች።

“አንተን አይደለም። አንተ ግባ።”

ዋቅሹማ ግን ገባ። ቁመቱ ረጅም ስለሆነ የቀርከሃው ጣሪያ እንዳይነካው አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ሁለቱን መጽሔቶች ለጥቂት ጊዜ ተመለከተና የዐረብኛውን አነሣ።

“ይሄ ይሁን” አለ።

“ገና አላየኸውም እኮ” አለች ገላኔ።

ጥቂት ገጾች ገለጠ። ዓይኖቹ ሥዕሎቹ ላይ አልነበሩም። “ጨርቁን ጀዕፈር ነው የሚያመጣው?” ሲል ኢቲዳልን ጠየቃት።

“ጀዕፈር። ቅዳሜ ይሄዳል፣ ረቡዕ ይመጣል።”

“እኔ ራሴ አብሬው ሄጄ ባመጣውስ?”

ኢቲዳል እግሯን ከመርገጫው ላይ አነሣች። “ሙሽራ ለጨርቅ ሄደ? እኔ አልሰማሁም እንዲህ።” ከዚያ ፊቱን አየችና ሳቋን ተወች። ከጦርነቱ ሸሽታ ስድስት ዓመት ሱዳን ውስጥ ዳማዚን የኖረች ሴት ነች። “ይሂድ” አለች ለገላኔ። “ባል ካለ ይሂድ።”

ገላኔ የዚያን ዕለት ከሱቁ ስትወጣ ደስታም ቅሬታም ተሰምቷት ነበር። የምትወደው ሰው ለሠርጋቸው ሲጨነቅ አየች፤ የምትፈልገውን ቀሚስ ግን አላነሣችም። “የቱን እንደምገልጥ እስከ ቅዳሜ ላስብበት” አለችው። እሱም “እሺ” አለ።

ታኅሣሥ ነበር። በከተማው ዙሪያ ሣሩ እየተቃጠለ ነበርና ከሰማይ ጥቁር ብናኝ ይወርድ ነበር። ልብስ ያጠቡ ሁሉ እንደገና ያጥቡ ነበር።

ክልሉ ከተቋቋመ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ገላኔ በምትሠራበት ቢሮ በደብዳቤው ራስጌ ላይ ያለው የድሮው አስተዳደር ስም በእስክሪብቶ እየተሰረዘ “ክልል ስድስት” ይጻፍበት ነበር። እሷ ጸሐፊ ነች። ዋቅሹማ በዚያው ቢሮ የደብዳቤ ረቂቅ አዘጋጅ ነው፤ በሥራው የታወቀ። ኃላፊው እሱ ያረቀቀውን ሳያነብ ይፈርም ነበር።

ከሦስት ሳምንት ወዲህ ቢሮው ግምገማ ላይ ነው። ሠራተኛው በየሰኞው አዳራሽ ይሰበሰባል፤ ስሙ የተጠራ ይነሣል፤ ስለ ራሱ ይናገራል፤ ሌሎች ስለ እሱ ይናገራሉ። ባለፈው ሰኞ ከተነሡት መካከል የፕላን ክፍሉ መርጋ ነበረ። “ጫካ ከገቡት ጋር ትገናኛለህ” ተባለ። አልገናኝም አለ። ለምሳ ሲወጡ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ሆነው ሸኙት፤ ከዚያ ወዲህ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። መርጋና ዋቅሹማ የአንድ ቀበሌ ልጆች ናቸው። አሶሳም ሲመጡ አንድ ቤት ተከራይተው ነበር የኖሩት።

የሚቀጥለው ሰኞ ተገምጋሚዎች ስም ዝርዝር ሐሙስ ለገላኔ ለጽሕፈት መጣ። በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ብዙው ፊደል የሚሠራው በሁለት ምት ነው፤ መጀመሪያ ገላው፣ ቀጥሎ ቅጥያው። በአራተኛው ተራ ላይ ገላውን መትታ ቅጥያውን ሳትመታ እጇ ቆመ። ከዚያ ጨረሰችው። ዋቅሹማ ይል ነበር።

ዝርዝሩን ለመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ለጋሽ የሻው ወሰደችለት። የሻው ጎጃሜ ሽማግሌ ነው፤ ማኅተሙን በአንገቱ ባንጠለጠለው ቁልፍ ቆልፎ የሚይዝ። ዝርዝሩን አነበበና መነጽሩን አወለቀ።

“እንዴት ነሽ አንቺ ሙሽሪት? የቱን ገለጥሽ? ሚስቴ ጠይቅ ብላኛለች።”

“ገና ነኝ ጋሼ።”

“ገና ነኝ ማለት ጥሩ ነው። ሰው ገና ነኝ እያለ ነው ዕድሜ የሚያገኝ።” ዝርዝሩን አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ቀጥሎ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ “ሰኞ እስኪደርስ ሁለት የሥራ ቀን አለ። እኔ ያልሁት ነገር የለም” አለ።

ዓርብ ጠዋት ዋቅሹማ አንድ ረቂቅ ይዞ ጽሕፈት ክፍል ገባ። ሌላ ሰው አልነበረም። ወረቀቱን ከመኪናዋ አጠገብ አስቀምጦ ቆመ። እንዲህ ይል ነበር፦ “ሠራተኛችን አቶ ዋቅሹማ ለሠርጉ የሚሆን ጨርቅ ለመግዛት ከቅዳሜ እስከ ረቡዕ ወደ ኩርሙክ ስለሚሄድ፣ በየኬላው ትብብር እንዲደረግለት እንጠይቃለን።”

ገላኔ ሁለት ጊዜ አነበበችው። “ረሳህ” አለች።

“ምኑን?”

“‘ደርሶ እስኪመለስ’ የሚለውን።”

ወረቀቱን በጣቱ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካከለ። ያን ጊዜ አልረሳም ማለት ነው ብላ አሰበች። የሌላውን ሰው ነጠላ ሰረዝ የሚያርም ሰው ይህን አይረሳም። “ደርሶ እስኪመለስ” ከተባለ የሚመልሰው ሰው መኖር አለበት። ከክረምት ወዲህ ወደ ድንበር የሚሄድ ሠራተኛ ዋስ እንዲጠራ ታዞ ነበር፤ ዋሱ ከደብዳቤው ግርጌ ይፈርማል፤ ሰውየው ካልመጣ ዋሱ ይጠየቃል። ቃሉ ከሌለ ዋስም አይኖርም።

“ሳትመለስ ልትቀር ነው” አለች።

“ገሌ፣ ቀስ በይ።”

“ምን አድርገሃል? ለእኔ ንገረኝ።”

“ከመርጋ ጋር አንድ ቤት አድሬያለሁ። ሌላ ምን ማድረግ ያስፈልጋል?” ወንበር ስቦ ተቀመጠ። “ዝርዝሩን አንቺ ነሽ የጻፍሽው። አይቼዋለሁ። ሰኞ አዳራሽ ከገባሁ እንደ መርጋ ነው። ጀዕፈር ኩርሙክ ያደርሰኛል። ሰኞ ገበያ ሲፈታ፣ ከሰባት ሰዓት በኋላ፣ ከገበያተኛው ጋር ድንበር የሆነውን ደረቁን ወንዝ እሻገራለሁ። ከዚያ በፊት የሚያሻግር ሰው የለም።”

“እኔስ?”

“ስደርስ እልክብሻለሁ።”

የተናገረውን ሁለቱም አላመኑበትም፤ ቢሆንም መባል ነበረበት። ገላኔ ረቂቁን ትክ ብላ አየችው። ባለፈው ወር አንድ ሠራተኛ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ይዞ ሄዶ ነበር። ኬላው በደብዳቤው ላይ በቀይ ቀለም “ይመለሳል ወይስ አይመለስም?” ብሎ ጽፎ ሰውየውንም ወረቀቱንም መልሷል። መልሱን የጻፈችው እሷ ነበረች። ዋቅሹማ ያን ጊዜ ለመስክ ወጥቶ ስለነበረ አያውቅም።

“በዚህ ደብዳቤ ኬላ አታልፍም” አለችው።

“ዋስ ከጠራሁ ያ ሰው ያልቅለታል። ማንን ልጥራ?”

ገላኔ ካርቦን በሁለት ወረቀት መካከል አስገብታ መኪናው ላይ ጠመጠመች። “ውጣ” አለች። “እዚህ ቆመህ ሰው እንዳያይህ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከጋሽ የሻው ውሰድ።”

“ምን ልታደርጊ ነው?”

“ሥራዬን።”

ደብዳቤውን ጻፈችው። “ደርሶ እስኪመለስ” የሚለውን በቦታው አስገባች። ከግርጌ፦ “ዋስ፦ ወይዘሪት ገላኔ፣ እጮኛ።” ፈረመች። ኃላፊው ከሌሎች አሥራ አንድ ደብዳቤዎች ጋር ፈረመው። የሻው ማኅተሙን ከመምታቱ በፊት ግርጌውን አነበበና ቀና ብሎ አያት። ማኅተሙን ቀለሙ ላይ ጫነው።

“እኔ የማውቀው ማኅተም ዓይን የለውም” አለ በመጨረሻ፤ እና መታው።

ቅዳሜ ጠዋት ዋቅሹማ በጀዕፈር መኪና ሄደ። ገላኔ ወደ ኢቲዳል ሄደችና የዐረብኛውን መጽሔት ገለጠች። በር ላይ ሁለት ሴቶች ተቀምጠው ነበር፤ እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ “ይሄ ነው” አለች። ዐረብኛ ከቀኝ እንደሚጀመር ረስታ እንደ ሁሉም ሰው በግራ በኩል ከፍታው ስለነበረ የመጣላት የሽቶና የሰዓት ማስታወቂያ ነው። ኢቲዳል ወስዳ ገለበጠችላት።

“ኋላው ነው ፊቱ። የትኛው ትፈልጋለህ?”

ገላኔ ገጾቹን አንድ በአንድ አየች። ሠርጉ ነገ እንደሆነ አድርጋ አየች። ሰኞ የሚጠይቃት ሰው እንደሚኖር ታውቅ ነበርና ወገቡን፣ ጌጡን፣ የጀርባውን ቁልፍ ብዛት ሳይቀር አጠናች። በአርባኛው ገጽ አካባቢ ያለውን፣ እጅጌ የሌለውን፣ ትከሻው በጥልፍ የተሠራውን መረጠች። ኢቲዳል ገጹ ላይ ቀይ ክር አደረገችበት። ወሬው ከቀትር በፊት ገበያ ደርሶ ነበር፤ ገላኔ የሱዳኑን ገልጣለች፣ ሙሽራው ራሱ ጨርቅ ሊያመጣ ሄዷል ተባለ። “ሞኝ ነው!” አሉ ሴቶቹ። “እንዲህ ያለ ሞኝ ለእኛም በሰጠን!”

ሰኞ አዳራሹ በሦስት ሰዓት ተሞላ። ግምገማውን የሚመራው ሀብቱ የሚባል፣ ከበላይ አካል የተላከ ሰው ነበር። ቀጭን ነው፣ ጨዋ ነው፤ ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ሰው ሲናገር በዓይኑ እየተከተለ ራሱን ይነቀንቃል። የዝርዝሩ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዎች ተራ በተራ ተነሥተው ተቀመጡ። ከአራት ሰዓት ተኩል በኋላ አራተኛውን ስም ጠራ። የተነሣ የለም።

“ፈቃድ ላይ ነው” አለ የሻው ከኋላ። “ቅጂው መዝገብ ቤት አለ።”

ቅጂው መጣ። ሀብቱ ቀስ ብሎ አነበበው። “ለጨርቅ” አለ። “ሙሽራ ለጨርቅ ድንበር ድረስ ይሄዳል?” አዳራሹ ሳቀ። እሱም ፈገግ አለ። “ወይዘሪት ገላኔ የትኛዋ ናት?”

ተነሣች።

“የምን ጨርቅ ነው አዲስ አበባ የሌለው?”

ገላኔ የቢሮውን የሬዲዮ መልእክቶች የምትጽፈው እሷ ስለሆነች፣ የሬዲዮ ኦፕሬተሩ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ለምሳ ወጥቶ እስከ ስምንት እንደማይመለስ ታውቃለች። ሀብቱ አሁን “ኩርሙክን ጥሩልኝ” ካለ ኬላው ዋቅሹማን ገበያ ውስጥ ይይዘዋል። ስለዚህ ሁለት ሰዓት መናገር ነበረባት፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ደግሞ አንድም የተሳሳተ ቃል መናገር አልነበረባትም።

“በቃል ብነግርዎ አይገባዎትም” አለች። “መጽሔቱን ካላዩት።”

“መጽሔት አለ?”

“አለ። ኢቲዳል ዘንድ ነው፤ ልብስ ሰፊዋ።”

“ይምጣ።”

“እኔ ላምጣው” አለ የሻው፤ ሌላ ሰው ሳይነሣ ዱላውን ይዞ ወጣ። ኢቲዳል ሱቅ ከቢሮው የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። የሻው ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየ። እስከዚያ ሀብቱ አምስተኛውን ሰው አስነሣ፤ ቢሆንም ዓይኑ በየጊዜው ወደ ገላኔ ይመለስ ነበር። የሻው ሲመለስ በላብ ተጠምቆ ሁለቱንም መጽሔቶች ታቅፎ ነበር።

“የቱን እንደሆነ ሳልጠይቅ ወጣሁ። ሁለቱንም አመጣሁ። ሽምግልና!”

ሀብቱ የዐረብኛውን ተቀብሎ ከፈተው። “ይህ ሰዓት ነው” አለ። አዳራሹ እንደገና ሳቀ። ገላኔ ወደ ፊት ወጥታ ከእጁ ወሰደችውና ገልብጣ ቀይ ክሩ ካለበት ሰጠችው። ከዚያ ጀመረች። ጥልፉ በእጅ እንጂ በመኪና እንዳልሆነ፣ ከሥሩ ያለው ጨርቅ ቀጭን ስለሆነ ሁለት ድርብ እንደሚፈልግ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ግን ወፍራም ሆኖ በአሶሳ ሙቀት እንደማይቻል፣ ዓይነ ርግቡ ከጥልፉ ጋር አንድ ካልሆነ በፎቶ ላይ ቢጫ መስሎ እንደሚወጣ ተናገረች። ሴቶቹ ሠራተኞች ጣልቃ መግባት ጀመሩ። አንዷ የእሷ ዓይነ ርግብ ቢጫ መስሎ ስለወጣ ባሏ እስካሁን “ሥጋጃ ለብሰሽ አገባሁሽ” እንደሚላት ተናገረች። ሌላዋ እጅጌ የሌለው ቀሚስ ለቤተ ክርስቲያን ይሆናል ወይ ብላ ጠየቀች። ገላኔ መለሰች። ሀብቱ አላቋረጣትም። አገጩን በእጁ ደግፎ ያዳምጥ ነበር።

“ታውቂበታለሽ” አለ ሲጨርሱ። “አንድ ጥያቄ። በፊት ልትመርጪ የነበረው ይህን ነው?”

“አይደለም” አለች፤ ሱቁ ውስጥ የነበረውን ሁሉ የሰማ ሰው ሊኖር ይችላልና። “የአዲስ አበባውን ነበር። እሱ ነው ይሄ ይሻላል ያለኝ።”

“እሱ ነው ያለሽ” አለ ሀብቱ። ሰዓቱን አየ። ስድስት ሰዓት ከአርባ ነበር። ለአንዱ ሰው በጆሮው ነገረው፤ ሰውየው ወጥቶ ሄዶ “ኦፕሬተሩ ምሳ ወጥቷል” ብሎ ተመለሰ። ሀብቱ አልተቆጣም። የደብዳቤውን ግርጌ በጣቱ ነካ። “ደብዳቤው እስከ ረቡዕ ይላል። ደብዳቤ እናከብራለን። ሐሙስ ጠዋት ግን አንድ ሰው ቢሮዬ እፈልጋለሁ፤ እሱን ወይም አንቺን።”

ማክሰኞ እንደ ወትሮው ጻፈች። ያነጋገራት ሰው አልነበረም። ሰዎች ወረቀታቸውን ጠረጴዛዋ ላይ ጥለው ይወጡ ነበር፤ ሻይ ሲጠሩ እሷን አልጠሩም።

ረቡዕ ከቀትር በኋላ ኢቲዳል ሰው ስለላከችባት ገላኔ ወደ ሱቁ ሄደች። ሱቁ ውስጥ ጀዕፈር ተቀምጦ ነበር፤ የመንገድ አቧራ ቅንድቡ ላይ አለ። መደርደሪያው ላይ በወረቀት የታሰረ ጨርቅ ተቀምጧል። ዋቅሹማ የመረጠችውን ገጽ ባያውቅም፣ ጥልፉ በመጽሔቱ ላይ ካለው ጋር ተመሳሳይ ነበር።

“ራሱ መረጠው” አለ ጀዕፈር። “እሑድ ሙሉ ሱቅ ለሱቅ አዞረኝ። ይሄ ይሻላል፣ አይ ያኛው። እኔ፣ አንተ ሰውዬ፣ ስደተኛ ነህ ወይስ ሙሽራ ነህ አልሁት።”

“ተሻገረ?”

“ሰኞ። ከፍየሎቹ ጋር።” አቧራውን ከቅንድቡ ጠረገ። “ዳማዚን ድረስ አደረስሁት። ጨርቁን ስጣት አለ።”

ገላኔ ጨርቁን በእጇ ዳሰሰችው። ቀጭን ነበር፤ ሁለት ድርብ ይፈልጋል።

ኢቲዳል በሩን ዘጋች። “ጀዕፈር ቅዳሜ አይጠብቅ። ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ኩርሙክ ይመለሳል” አለች። “ቶብ እሰጥሃለሁ፣ ተከናንበህ በርታ ትመስላለህ። ዝም ካልህ ማንም አያውቅ። ሂድ። ባልህ እዚያ ነው።”

“ኬላው ያውቀኛል። ፊርማዬን ሳይቀር ያውቃሉ።”

“በጫካ ያልፋል። ጀዕፈር ያውቃል።”

ጀዕፈር አልተቃወመም። ገላኔ መንገዱ ክፍት እንደሆነ አየች፤ ዋቅሹማ በሌላኛው ጫፍ እንዳለም አየች። ከዚያ ባምባሲን አሰበች፤ ከመንገዱ ዳር ያለውን ቤት፣ እናቷ ወርቂቱ ብቻዋን ማሽላ የምታሰጣበትን ግቢ። ዋስ ሲጠፋ የሚሄዱት ወደ ዋሱ ቤተሰብ ነው። ይህን ትእዛዝ የጻፈችው እሷ ነበረች።

“እናቴ አለች” አለች።

ኢቲዳል ከዚያ በኋላ አላነሣባትም። ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ ለካቻት፤ ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ። ቁጥሩን በጠመኔ መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ጻፈች። ጨርቁን ዘረጋች፤ መቀሱን ያዘችና ቆመች።

“ከተቆረጠ አይመለስም” አለች። “ልተወው? ጀዕፈር መልሶ ይሸጣል።”

“ቁረጪው” አለች ገላኔ። “እጅጌው እስከ አንጓ ይሁን። አንገቱም ይዘጋ።”

“መጽሔቱ ላይ እንዲህ አይደለም።”

“አውቃለሁ።”

ኢቲዳል ቆረጠችው።

ሐሙስ ጠዋት ገላኔ ከሥራ ሰዓት ቀድማ ቢሮ ደረሰች። ጽሕፈት ክፍሏን አልከፈተችም፤ ቁልፉን በጋሽ የሻው በር ሥር አሳልፋ አስገባችው። ከዚያ በኮሪደሩ ሄዳ ከሀብቱ ቢሮ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች።